ሁለት ስምንት ቁጥር የነበረው ቡድን

ከተመለስኩ ወዲህ ሱሪ ለማሳጠር የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ሰበታ እንዴት ነው?» ይለኛል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሄዶ የመጣ ሞልቷል፤ ዙሪያዋን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዞሮ የመጣ ልብስ ሰፊ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በዚያ ላይ የሄድኩት አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተነሳበት ታኅሣሥ ነው። አንዴ ጽፌው ልረፍ። የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብና ሱሪውን ትቶልኝ ይሂድ።

ለማያውቀኝ ሰው፣ በሥራ ቀን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ኳስ አጫውታለሁ። ፊሽካ ከያዝኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በዳኝነት አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት ዕድሜዬ የሚፈቅድልኝ የመጨረሻው ዓመት ያ ነበር። የእነ ሰበታ የፋብሪካ ሠራተኞች ለዋንጫ ሲጫወቱ ከሩቅ ዳኛ ማምጣት ልማዳቸው ነው፤ የቅርቡ ዳኛ ወይ የአንዱ ቡድን አማች ነው፣ ወይ የሌላው የፈረቃ አለቃ። እኔ ከዚያ አገር አላገባሁም። ሦስት ጨዋታ ሰጡኝ፤ በሦስቱም ገምጋሚ ደብተር ይዞ እንደሚቀመጥ ተነገረኝ። ከወደደኝ አልፋለሁ፣ ካልወደደኝ እስክሞት ሱሪ አሳጥራለሁ።

ድክመቴ ይታወቃል፤ ፊሽካዬ ይቸኩላል። ባለፈው ግምገማ «ጥፋት ሲያይ መታገሥ አይችልም» ተብሎ ተጽፎብኛል። ባለቤቴ አንብባው «ማን ነገራቸው?» አለች። ኳስ ለማትከታተሉ ላስረዳ። አንዱ ሌላውን ጠልፎ ሲጥል ዳኛ ወዲያው ቢነፋ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የተጠለፈው ሰው ጓደኛ ኳሱን ይዞ ወደ ግብ እየገሰገሰ ከሆነ፣ መንፋት አጥፊውን መሸለም ነው። ስለዚህ ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ቀጥል» ይልና ሁለት ሦስት ሰከንድ ያያል። ጥቅሙ ካልመጣ ይነፋና ወደ ጥፋቱ ይመለሳል፤ ከመጣ ይለቀዋል። ይህን አድቫንቴጅ እንለዋለን። ጥፋቱ ተራ ከሆነ እዚያው ይቀራል። ሰውየው የባላጋራውን እግር ከቁም ነገር ሳይቆጥር በግዴለሽነት የገባ ከሆነ ግን ቢጫው አይቀርለትም፤ ኳሱ ሲወጣ ዳኛው ተመልሶ ያን ሰው ፈልጎ ያሳየዋል። ችግሩ መፈለጉ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ተባለ፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳ። ሻንጣዬን ጣራ ላይ ከአንድ በግ ጎን ጫኑት። የገና በዓል ደርሶ ስለነበር በጉ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ዘመዶች የተላከ ነው። አዳማ ላይ መኪና ለመቀየር ሻንጣዬን ሳወርድ በጉ የዳኝነት ልብሴ ላይ ሸንቶበታል። የበጉን ባለቤት ብናገረው «አይዞህ፣ ጥቁር ነው፣ አይታይም» አለኝ። ዱከም ስንደርስ የፋብሪካው መደዳ አያልቅም፤ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሰፈር ቢዘረጋ ይተርፋል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት እኅቷ እዚያ ጫማ ትሠራለች፤ ሰሞኑን ሥራ እየሄደች ይሁን አይሁን አላወቀችም፣ ስልኳ አይነሳም።

ሰበታ የደረስኩት ሲመሻሽ ነው። ያሳረፉኝ የፔንሲዮን ባለቤት ልብሴን በአፍንጫቸው አወቁት መሰለኝ፣ ወስደው አጥበው አሰጡት። ድሬ ቢሆን ማልያ ከባልዲው ወጥቶ ገመዱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ሰበታ ላይ በማግስቱም እርጥብ ነበር። ሴትዮዋ በካውያ አደረቁልኝ፣ ስለ በጉም አልጠየቁኝም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከዚራ አይገኝም፤ ከዚራ ቢሆን እስከ ዛሬ በጉ ቅጽል ስሜ ነበር።

ሁለተኛው ቀን። ጨዋታው የሰበታ አንድ ፋብሪካ ከዓለም ገና ቡድን ጋር ነበር፤ ያሸነፈ ሱሉልታ ላይ ለዋንጫ ይቀርባል። ገምጋሚው አቶ ክፍሌ የሚባሉ፣ በጉልበታቸው ምክንያት ፊሽካ የሰቀሉ የቀድሞ ዳኛ ናቸው። ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ።

የሰበታው ቡድን ሁለት ስምንት ቁጥር ነበረው። አዲስ ማልያ ያሠሩት ከአንድ እስከ ስምንት ብቻ ነው፤ የቀረውን ከአሮጌው ሞሉት። ከአሮጌው ዘጠኝ ቁጥር ጠፍቶ ስለነበር በሱ ፈንታ ሌላ ስምንት መጣ። አላጫውትም ማለት ነበረብኝ። ቡድን መሪው «ሰዎቹ አይመሳሰሉም፣ ይለያሉ» አለኝ። በኛም ሰፈር አምስት ቁጥር በፕላስተር ስድስት ሲሆን ስላየሁ እሺ አልኩ። ሁለቱ ስምንቶች ረጃጅም ናቸው፣ ሁለቱም ራሳቸውን ተላጭተዋል። አንደኛው ጴጥሮስ ይባላል፤ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካው ውስጥ ክር የሚያጠነጥን፣ ጨዋታ ሳይጀመር ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ልጅ። ሁለተኛው ሀብታሙ ነው፣ እሱ አይጸልይም።

በመጀመሪያው አጋማሽ ከነፋሁ በኋላ ጴጥሮስ ኳሱን ባሕር ዛፍ ውስጥ ለጋው። ጨዋታ ማዘግየት ነው፤ ቢጫ አሳየሁት፣ አልተከራከረም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የዓለም ገና አጥቂ በክንፍ ሲያመልጥ አንደኛው ስምንት ከኋላው በሸርተቴ ገብቶ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ መታው። ፊሽካው ከንፈሬ ላይ ነበር። አልነፋሁም። ኳሱ ለጓደኛው ደርሷል፣ ሜዳው ባዶ ነው። እጄን ዘረጋሁና «ቀጥል» አልኩ። አቦ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ታግሼ አላውቅም። ኳሱ አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ፣ ሰበታዎች ይዘው ወጡ፣ እንደገና ተቀሙ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፤ ኳሱ እምቢ አለ፣ አይወጣም። ሲወጣ እኔ ትንፋሽ አልነበረኝም። አቧራው መሐል ስምንት ቁጥር ፈለግሁ፣ አንዱ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ቢጫ፣ ሁለተኛ ቢጫ ነው፣ ስለዚህም ቀይ።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም» አለ ጴጥሮስ።

ይህን ቃል በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከስንቱ ሰምቻለሁ። ወደ ውጪ አመለከትኩት። ራቅ ብሎ ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ክር እያሰረ ነበር። በጣም አጥብቆ አሰረው።

ሰበታዎች በአሥር ሰው አንድ ለባዶ አሸነፉ። አቶ ክፍሌ ጃንጥላቸውን አጥፈው መጡና እጄን ጨበጡኝ። ትዕግሥቴ እንደተሻሻለ፣ ያቺን አድቫንቴጅ ለጀማሪ ዳኞች ምሳሌ አድርገው እንደሚያስተምሩባት፣ ከዚያ ሁሉ ሩጫ በኋላ ተመልሼ ካርዱን መስጠቴ የበሰለ ዳኛ ሥራ እንደሆነ ነገሩኝ። ሪፖርቴን ሱሉልታ ላይ እንድሰጣቸው ተስማማን። ወደ ፔንሲዮኑ ልሄድ ስል ቡድን መሪው ማልያ እየቆጠረ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲከት አየሁ። ሁለቱ ስምንቶች ላይ ላዩን ነበሩ።

የአዲሱ ማልያ ቁጥር በሙቀት የተለጠፈ ነው። የአሮጌው ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ነጭ ጨርቅ ነው፤ የስምንቷ የታችኛው ክብ ተፈትቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። ያን ክር አውቀዋለሁ። ሸርተቴው ሲገባ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር፤ ማነው ደግሞ እንዲህ የሰፋው ብዬ በሆዴ ተናድጃለሁ። አሮጌውን የለበሰው ማን እንደሆነ ቡድን መሪውን ጠየቅሁት። «ሀብታሙ» አለኝ። ጨምሮም ለዋንጫው ቀን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ አሰልጣኝ ጴጥሮስን ሊያይ ሱሉልታ እንደሚመጣ፣ ልጁ ለዚያ ቀን ብሎ ሁለት ሳምንት የሰው ፈረቃ ሲሠራ እንደከረመ፣ አሁን ግን በቀዩ ምክንያት እንደማይሰለፍ ነገረኝ። የሆነው ሆኗል፣ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው አልኩት። ይህን ማለት እንዴት ቀላል ነው።

ሦስተኛው ቀን። ለሁለተኛው ጨዋታ ከሰበታ ቡራዩ ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ በአስኮ መውጣት ነው። አሸዋ ሜዳ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ድሬ አሸዋ የምንለው ገበያ ነው፣ ብትፈልግ በመኪና እስከ መሐሉ ትገባለህ፤ እዚህ አሸዋ ሜዳ ላይ መንገዱ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ረዳቱ «መጨረሻ» አለ። ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። ከድንጋዩ ኋላ የቆሙት ወጣቶች ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ በሐረርጌ ኦሮምኛ መለስኩላቸው። አነጋገሬ አሳቃቸው። ሻንጣዬን ከፍተው ፊሽካና ካርድ ሲያገኙ ወሬው ተለወጠ፤ ባለፈው እሑድ በቴሌቪዥን የታየ አንድ ጎል ኦፍሳይድ ነው አይደለም ብለው ተጣልተው ኖሯል፣ እንድፈርድ ጠየቁኝ። ኦፍሳይድ አይደለም አልኩ። ግማሾቹ አጨበጨቡ፣ ሌሎቹ የዳኛ ነገር ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ሁለቱ ሻንጣዬን ተሸክመው የውድድሩ ኮሚቴ አባል ወደሆኑት ሽማግሌ ወደ ኦቦ ፈይሳ ቤት ወሰዱኝ።

ቡራዩ ከሱሉልታ የሚጫወቱት ጨዋታ ቀረ። የሱሉልታ ቡድን መምጣት አልቻለም፤ አቶ ክፍሌም አዲስ አበባ ቀርተዋል። ማን ለዋንጫ ይለፍ የሚለው በስልክ ዕጣ ወጣ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ሱሉልታ ወጣ። ቡራዩዎች ዕጣው በትክክል ስለመውጣቱ እንደ ዳኛ እንድመሰክር ጠየቁኝ፣ የሰማሁት ጭርርር የሚል ድምፅ ብቻ ነው ብዬ እውነቱን ተናገርኩ።

ኦቦ ፈይሳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሁለት ቀን አስቀመጡኝ። መንገዱ እስኪከፈት የትም አትሄድም አሉ፤ የምሄድበትም አልነበረም። ቅቤ ጉድጓዱን የሞላ ገንፎ ቀረበልኝ። እኔ የፉልና የፈጢራ ሰው ነኝ፤ ለገንፎ ያለኝ አያያዝ ደካማ ነው፣ ቅቤው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። አዴ ጫልቱ የባላቸውን ሱሪ አመጡልኝ። አጭር ነበር። በዓመታት ውስጥ የስንት ሰው ሱሪ አሳጠርኩ፤ ተራው የኔ ሆነ።

አራተኛው ቀን። ጠዋት ኦቦ ፈይሳ ገፈርሳን ላሳይህ ብለው ወሰዱኝ። ውኃው ሰፊ ነው፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። ድሬ ውስጥ ወንዛችን ስሙ ወንዝ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ነው፤ ይህን ያህል ውኃ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳይ ቆጨኝ። ስንመለስ በማሳቸው በኩል አለፍን። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በመስመር ተተክሏል። ባለፈው ዓመት የማስተር ፕላኑ ሰዎች መጥተው ለክተው፣ ተክለው፣ ተመልሰን እናነጋግራችኋለን ብለው ሄደዋል። አንዱ ችካል ላይ ጥጃ ታስሯል። ኦቦ ፈይሳ ጥሩ እንጨት ነው አሉኝ። ከዚያ የጎረቤታቸውን ቤት አሳዩኝ፤ የዚያ ቤት ልጅ በሳምንቱ መጀመሪያ ተይዞ ተወስዷል፣ የት እንዳለ አልታወቀም። እናቱ ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ሰላም አልናት፣ መለሰችልን። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከሰዓት ኦቦ ፈይሳ፣ ኮሚቴው ውስጥ የገቡት በሽምግልናቸው እንጂ ኳስ ወደው ስላልነበር፣ ዳኛ ምን እንደሚሠራ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። አድቫንቴጅን ነገርኳቸው፣ እጄንም ዘርግቼ አሳየሁ። አላስደሰታቸውም።

«ጥፋቱን አይተሃል» አሉ። «አይተህ ዝም አልክ።»

«ዝም አላልኩም ኦቦ። አቆየሁት። ኳሱ ሲወጣ እመለስበታለሁ።»

«ባይወጣስ?»

መውጣቱ አይቀርም አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጥጃው አዩ። የተመታው ሰውዬ እስከዚያ ምን ይሁን አሉኝ። በመልሱ ፈንታ የማላወራውን አወራሁ፤ ስለ ሁለቱ ስምንት ቁጥሮች ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ክሩ፣ ስለ ጴጥሮስ፣ ስለ አቶ ክፍሌ ምስጋና፣ ዘንድሮ ካላለፍኩ ከእንግዲህ እንደማላልፍ። ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አሁን ኳሱ የት ነው?»

ሻንጣዬን ከፍቼ ሪፖርቱን አወጣሁ። በግዴለሽነት የተጋጣሚን ቁርጭምጭሚት የመታው አሮጌ ማልያ የለበሰው ስምንት ቁጥር እንደሆነ፣ ሁለተኛውን ቢጫና ቀዩን ግን በስህተት ለአዲሱ ማልያ ስምንት እንደሰጠሁ፣ ስህተቱ ሁለት ስምንት ቁጥር ሜዳ እንዲገባ የፈቀድኩት የኔ የዳኛው እንደሆነ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኔ ጋ እየጠራ የመጣው ብርዱ ነው። አዴ ጫልቱ እየተንቀጠቀጥኩ ሲያዩኝ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ሱሉልታ ከዚህ ይብሳል ብለው ይዤው እንድሄድ አዘዙኝ።

አምስተኛው ቀን። መንገዱ ጠዋት ተከፈተ። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር። እኛ አገር በረዶ የምናየው ለስላሳ መጠጥ ሻጭ ጋ ነው። ከሜዳው ማዶ ወታደር የጫነ መኪና ቆሟል፤ ተመልካቹ ግማሹን ኳሱን፣ ግማሹን መኪናውን ያያል። ጨዋታው ግን ይካሄዳል ተባለ።

ለአቶ ክፍሌ ሪፖርቱን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ፣ ተቀምጠው ደገሙት።

«ይህን ባትጽፈው ማንም አያውቅም ነበር» አሉ።

«እኔ አውቃለሁ ጋሽ ክፍሌ።»

ደብተራቸውን አወጡ፤ የሰበታውን ገጽ ገልጠው ስለ አድቫንቴጄ የጻፉትን በአንድ መስመር ሰረዙ። አልተቆጡም፣ የተቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የደረጃው ውጤት ከተመለስኩ በኋላ በደብዳቤ መጥቷል፤ አላለፍኩም። አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። በዚያን ጊዜ ግን ኮሚቴው ተሰብስቦ ቀዩን አነሳ፣ ቢጫውን ወደ ሀብታሙ አዞረው። ጴጥሮስ ሊሰለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ስምንት አይገባም። ሌላ ማልያ ደግሞ የለም።

መርፌና ክር ሁልጊዜ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ከኋላ ኪሴ ነጭ መሐረቤን አውጥቼ የ«1» ቅርጽ ቆረጥኩና ከጴጥሮስ ስምንት ፊት ሰፋሁት፤ አሥራ ስምንት ሆነ። የጨዋታውን ሕግ ፈትሼዋለሁ፣ ዳኛ የተጫዋች ማልያ አይስፋ የሚል የለም። ልጁ ከጎኔ ቆሞ ጣቴን ሲያይ ቆየ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሱ ስፌቱ እንዳይፈታ ብቻ ጠየቀኝ። ድርብ አድርጌዋለሁ አልኩት።

የአዲስ አበባው አሰልጣኝ መንገድ ላይ ፍተሻ አቆይቶት ለሁለተኛው አጋማሽ ደረሰ፤ ከአቶ ክፍሌ አጠገብ ተቀመጠ። ጴጥሮስ ጥሩ ይጫወት ነበር፤ አሰልጣኙን ሲያይ ነው መሰለኝ ይብሱን ተፋጠነ። አንድ ለአንድ ነበሩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር የሱሉልታው አማካይ ኳስ ይዞ በመሐል ሲመጣ፣ ጴጥሮስ ከጎን በሁለት እግሩ ተንሸራትቶ ገባና ሰውየውን ገለበጠው። ኳሱን አልነካም። የሰውየውን እግርም አላሰበውም። ዓይኔ ፊት «1» ሆና የተሰፋችው ነጭ መሐረቤ አለፈች፣ የገዛ ስፌቴ።

የተገለበጠው ሰው ጓደኛ ኳሱን አገኘ። ፊሽካዬን ከአፌ አወጣሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጋቢዬን ባስቀመጥኩበት የሜዳ ጠርዝ በኩል ሮጥኩ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ። ጓደኛው ሁለት ተከላካይ አልፎ መታ፤ ገባ።

ጎል ከሆነ ኳሱ ወጥቷል። ሱሉልታዎች እየጨፈሩ ወደ ማዕዘኑ ሲሮጡ እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። ቢጫውን አውጥቼ ልፈልገው ስል አላስፈለገኝም፤ ጴጥሮስ ሜዳውን አቋርጦ ወደኔ እየመጣ ነበር። አሰልጣኙ ከመቀመጫው ተነስቶ ያያል። ልጁ ፊቴ ሲደርስ ዞር ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ቁጥሩን በደንብ እንዳየው። ድርቡ ስፌት አልተፈታም። ካርዱን አሳየሁት።

«ይሄ የኔ ነው ጋሼ» አለ።

አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ዋንጫውን ሱሉልታ ወሰደ፤ አሰልጣኙ የጴጥሮስን ስልክ ቁጥር ወሰደ። እኔ ደግሞ ስንለያይ እደውላለሁ ባልኳቸው መሠረት ለኦቦ ፈይሳ ደወልኩ።

«ኳሱ ወጣ?» አሉኝ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ወጣ ኦቦ። ተመለስኩበት።»

ደግ አደረግህ አሉ። ስለ ችካሉና ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ጠየቅኋቸው።

«እኛ ጋ ገና እየተጫወቱ ነው» አሉ። ከዚያ ጋቢውን ለብሼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለብሼው ነበር።